አለሁ እያለ የማይመልስ

ሱኒልዳ ብሪቶ ስትጸየፍ አትጮኽም። በእኛ አገር የሚጠቆመው በጣት ሳይሆን በከንፈር ነውና፣ ከንፈሯን ወደ ጸየፈችው ነገር ታሾልና ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች። ያን የጾም ሰሞን ግን ከንፈሯ አላረፈም። ወደ ማሽኑ አሾለች፣ ወደ መጥበሻው አሾለች፣ ወደ አለቃዋ አሾለች፤ በመጨረሻ ወደ ገዛ ሥራዋ ዞረች፤ የባሰውም እሱ ነበር።

ቤታችን ጎን ለጎን ነው። ሳንቲያጎ ውስጥ፣ ያኬ ወንዝ ቁልቁል በሚታይበት ዳገት ላይ፣ የእሷን መስኮትና የእኔን መስኮት አንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ይለያቸዋል። ስትስቅ እሰማለሁ፤ ስትራገም እሰማለሁ። ያሳደገቻት አክስቷ ኔሬይዳ ናት። ኔሬይዳ ዕድሜዋን በሙሉ በነጻ ቀጠናው ፋብሪካ ለማታውቀው አገር ሰው ሱሪ ስትሰፋ ኖረች። ያንን ሁሉ ዓመት ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ እየለመነች፣ ውሃ ሳትጠጣ ከርማ፣ ኩላሊቷ አለቀ። አሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ክንዷ ላይ ሐኪሞች የሠሩላት ደም ሥር ሲነኩት እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። «እጄን ጆሮሽ ላይ አድርጊው፤ አሁንም ፋብሪካ ውስጥ ነኝ» ትላለች ለሱኒልዳ።

ሱኒልዳ የምትሠራው ሶፍትዌር ነው፤ ለዚያውም ሰው የማያየውን። ነርሷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ ግን ነርሷን አያውቃትም። የሚያውቃት ሌላ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር የሚሉት ማሽን ነው። የሱኒልዳ ሶፍትዌር በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መልእክተኛ ነው፤ ሄዶ «ይቺን ሴት ላስገባት?» ይላል፣ «አስገባት» ወይም «አታስገባት» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ማሽን ይታመማልና ሰርቨሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዋናው፣ አንዱ ተጠባባቂው። ታዲያ መልእክተኛው ዋናውን ትቶ ወደ ተጠባባቂው መሮጥ ያለበት መቼ ነው? የሱኒልዳ ሙያ ያለው እዚች ጥያቄ ውስጥ ነው። ስትታይ ትንሽ ናት።

እኛ የመብራት ልጆች ነን። መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል። ሲሄድ ሰፈሩ በአንድ አፍ ይራገማል፤ ሲመጣ ከዳገቱ ጫፍ እስከ ወንዙ ዳር «መጣ!» የሚል ጩኸት ይወርዳል፤ ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን የሚማረው ከዚያ ነው። ሱኒልዳም መልእክተኛዋን በዚሁ በእኛ ልክ ሰፋችው። መጀመሪያ የዋናውን በር ያንኳኳል፤ «አለህ?» ይላል። «አለሁ» ከተባለ ጥያቄውን ያቀርባል፣ ቆሞም መልሱን ይጠብቃል። ዝም ከተባለ ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል። ያለ አለ፣ የሌለ የለም። በጨለማና በብርሃን መካከል ያደገ ሰው ሦስተኛ ነገር ከየት ያመጣል?

አለቃዋ ኢንጂነር ራዳሜስ ፖላንኮ ይህን ሥራ እንደ ገዛ ልጁ ወደደው፤ ለትርኢት ይመቻልና። ኔሬይዳ የምትታጠብበት የኩላሊት ማዕከል ሶፍትዌሩን የተቀበለ ዕለት ራዳሜስ ነጭ የበፍታ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሽቶ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ተነክሮ መጣ። ትናንሽ ሳንድዊቾች በትሪ ተደርድረዋል። እሱ ማሽኑ አጠገብ ተንበርክኮ ስፒናውን በሁለት ጣቱ ያዘ።

«ክቡራንና ክቡራት! አሁን ዋናውን ሰርቨር እገድለዋለሁ!»

«ውይ፣ አይግደሉት!» አለች አንዲት ወይዘሮ፣ አፏ ውስጥ ሳንድዊች እንዳለ።

ነቀለው። አንዲት ነርስ ስሟን ጻፈች፤ ማያ ገጹ ተከፈተላት። ተጨበጨበ። ራዳሜስ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳና በሱኒልዳ ጆሮ «አየሽ ነብሬ? ሰው የሚገዛው ሶፍትዌር አይደለም። ልቡ ዘሎ ሲመለስለት፣ እሱን ነው የሚገዛው» አላት። ሽቶው ከሳንድዊቹ ማዮኔዝ ጋር ተቀላቅሎ ሸተታት፤ ከንፈሯን ወደ እሱ አሾለች።

ሽቶ ቢርከፈከፍ በሸተተ ሥጋ፣
ዝንብ አይታለልም፤ ይመጣል ሲነጋ።

ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ የራሱን ኑሮ መኖር ቀጠለ። አንድ ቀን ሱኒልዳ አክስቷን ልታደርስ ሄዳ፣ ኮሪደሩ ላይ የተጠበሰ ሳላሚ ሸተታት። ሽታውን ተከትላ ዕቃ ቤት ገባች። ዘበኛው ቼፔ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ መጥበሻ ጥዶ ሳላሚና አይብ እየገለባበጠ ነው። ከመጥበሻው ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ዋናው ሰርቨር ተቀምጧል። ነጭ የነበረው አካሉ እንደ አሮጌ ጥርስ ወይቧል።

«ቼፔ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁርስ ነዋ ንግሥቴ። ትበያለሽ?»

«ማሽኑን ነው የምልህ! ምን ሆኖ ነው የሚያብለጨልጨው?»

«ዘይት ነው። አይዞሽ፣ ዘይት የነካው ብረት አይዝግም።»

«እዚህ ማን አስቀመጠው?»

«ሶኬት ያለው እዚህ ነው አሉ። እኔም የመጣሁት ለሶኬቱ ነው፤ ተግባብተን እንኖራለን።»

ሱኒልዳ ጣቷን ወደ ማሽኑ ማራገቢያ ሰደደች። የነካችው እንደ ሰም የረጋ ቡናማ ቅባት ነው፤ ቅባቱ ውስጥ የበረሮ እግርና ክንፍ ተቀብሯል። አንዱ በረሮ ገና በሕይወት ነበር፤ ተጣብቆ ጢሙን ያወዛውዛል። ጣቷን በሳሙና አጠበች፣ በአልኮል አጠበች፤ ያም ሆኖ ማታ እጇን ከሰውነቷ አርቃ እንደ ሌላ ሰው እጅ ይዛው ስትመጣ በመስኮት አየኋት። በማግስቱ ለራዳሜስ ነገረችው። «ከደንበኛ መጥበሻ ጋር አልጣላም» አላት፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከቅዳሜ ወዲህ ሳይታጠቡ የመጡ ናቸውና እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። ከእያንዳንዱ ሰው ምን ያህል ውሃ መቀነስ እንዳለበት የሚነግረው ኮምፒውተሩ ነው፤ ያንን ሳታይ ነርስ ማሽን አታስነሳም። ነርሶቹ ስማቸውን ጻፉ። ማያ ገጹ ላይ ትንሿ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ተሽከረከረች። ተሽከረከረች።

የነርሶቹ አለቃ ሲስተር ሶራይዳ ሱኒልዳን በስልክ ጠራቻት። «ነይ የኔ ፍቅር፣ ይሄ ያንቺ ነገር ይዞራል። እኔም አብሬው ልዞር ነው።»

ሱኒልዳ በጋራ ታክሲ፣ በሰው ጭን ላይ ተቀምጣ ደረሰች። አክስቷ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ናት፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ እኛን ረስተው ኮምፒውተሩን ነው እንዴ የሚያጥቡት?» አለች ኔሬይዳ። ልትስቅ ፈልጋ ሳሉ ቀደማት። ሳሏ ውስጥ ውሃ ነበረበት።

ሱኒልዳ ጭኗ ላይ የራሷን ኮምፒውተር ከፍታ አየች። መልእክተኛዋ የዋናውን በር ያንኳኳል። «አለህ?» ይላል። «አለሁ» ይላል ዋናው፣ በደንብ፣ ጨዋ ሆኖ። «ይቺን ሴት ላስገባት?» ሲለው ግን ምንም የለም። በቅባት ታፍኖ፣ በራሱ ሙቀት ተቀቅሎ፣ «አለሁ» ከማለት በቀር የቀረው አቅም አልነበረም። መልእክተኛው ደግሞ አለሁ ተብሏልና በእምነት ቆሟል። ፎቅ ላይ፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ተጠባባቂው ሰርቨር ጤናው ሳይጓደል ተቀምጧል። ማንም አልጠየቀውም።

ሱኒልዳ ተነስታ ሮጠች። ዕቃ ቤት ገብታ፣ ከመጥበሻው ሥር እጇን ሰዳ ስፒናውን ነቀለችው።

«አለሁ» የሚለው ሲጠፋ መልእክተኛው ወደ ተጠባባቂው ሮጠ፤ ማያ ገጾቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። አዳራሹ ውስጥ «መጣ!» ብሎ የጮኸ አለ። ጭብጨባ ሆነ፤ እግራቸው ያበጠ ሰዎች አጨበጨቡ። ቼፔ ግንባሯን ሳማት። ኔሬይዳ «የኔ ልጅ ናት! እኔ ነኝ ያሳደግኳት!» እያለች ለጎረቤት ወንበር አወራች። ራዳሜስ ረፍዶ ደረሰና ሱኒልዳን ከነስፒናው አቅፎ ፎቶ ተነሳ። ከዚያም አዋጅ ወጣ፤ ክቧ በተሽከረከረች ቁጥር ቼፔ ሄዶ ይነቅላል፣ ማሽኑ ሲበርድ መልሶ ይሰካል። ቼፔ በሹመቱ ኮራ። ስፒናውን ቡዳ እንዳይበላው ብሎ ቀይ ጨርቅ አሰረበት።

ያን ዕለት ሱኒልዳ እራት አልበላችም። እኔ ቤት የተረፈ ሩዝ ነበር፤ በመስኮት አቀበልኳት፤ መለሰችው። «እጄ አሁንም ቅባት ነው» አለች። ከዚያም ቀስ ብላ «ያጨበጨቡልኝ እኮ ራሴ በሠራሁት ጥፋት ላይ ነው» አለች። ታች ያለው ሱቅ ውስጥ አንዱ ቢራውን ይዞ በጊታር ያንጎራጉር ነበር፤ በእኛ ሰፈር መራራ ፍቅር ሳይዘፈን አይመሽም።

ሄደች ቢሉኝማ፣ እንባዬን ጠርጌ፣ ሌላ ደጅ ባንኳኳሁ፤
አለሁ ትለኛለች፣ መልስ ግን የላትም፣ ደጇ ላይ አረጀሁ።

ሱኒልዳ ሰማች አልሰማች አላውቅም። መስኮቷን ዘጋች።

መፍትሔው የመጣላት ከዚያ በኋላ፣ በጠራራ ከሰዓት፣ አክስቷ ቤት ነው። እኔም የተዋስኩትን ምጣድ ልመልስ ገብቼ ነበር። አምፖሉ በድንገት እንደ በሰለ ቲማቲም ቀላ። ፍሪጁ አቃሰተ። መብራት አልሄደም፤ ደከመ።

«ንቀሉ! ንቀሉ!» ጮኸች ኔሬይዳ፣ ከተወዛዋዥ ወንበሯ እየተነሳች።

«ቁጭ በይ አክስቴ፣ ኢንቨርተር አለሽ አይደል? ባትሪው ይይዘዋል» አለች ሱኒልዳ።

«ይሄ ጅል ኢንቨርተር መብራት ያለ ይመስለዋል እኮ! ድክም ያለችውን አምኖ ዝም ይላል፣ ፍሪጄ ይቃጠላል። ከጠፋችማ ወዲያው ነበር የሚነሳው። የምጠላው ይሄንን ነው፤ አልሞተች፣ አልዳነች! ብሬከሩን ጣይልኝ!»

ሱኒልዳ ብሬከሩን አልጣለችም። ቀይዋን አምፖል እያየች ቆመች፤ የጣልኩት እኔ ነኝ። ባትሪው ተነሳ፣ ቤቱ በራ። እሷ ግን ገና እዚያው ቆማለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ» አለች። «ዕድሜ ልኬን ፍሪጅ ስነቅል ኖሬ፣ ስጽፈው ረሳሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምራ መልእክተኛዋን እንደ አዲስ አሳደገችው። አሁን «አለህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ያ ጥያቄ ተሰርዟል። በቀጥታ የመጣበትን ይናገራል፤ «ይቺን ሴት ላስገባት?»። አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ሊቆይ በሚችለው ጊዜ ውስጥ መልስ ካላገኘ፣ ዋናው አለሁ አለ አላለ ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል። ዋናው ዲዳ መሆኑንም አይረሳም፤ ቀጣይዋ ነርስ ስትመጣ እንደገና ደጁ ላይ አያስቆማትም። አልፎ አልፎ ግን በጎን ሄዶ ይሞክረዋል፤ ደጋግሞ በትክክል መመለስ ሲችል ብቻ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ከለከለችው፤ ዋናው «አታስገባት» ካለ፣ ያ መልስ ነው። እናቷ የከለከለቻት ልጅ አባቷ ዘንድ እንደምትሮጠው «እስኪ ያኛው እሺ ይለኝ እንደሆን» ብሎ ፎቅ መውጣት የለም። በመጨረሻ፣ ዋናው ዲዳ በሆነ ቁጥር ለራዳሜስ ስልክ መልእክት እንዲሄድ አደረገች፤ ተጠባባቂው ብቻውን መቅረቱን አንድ ሰው ማወቅ አለበትና።

የሚያሳስባት ሕማማት ነበር። በሕማማት አገሩ በሙሉ ወደ ባሕርና ወደ ወንዝ ይፈስሳል። ቼፔም ጸሎተ ሐሙስ ወደ እናቱ አገር እንደሚሄድ ተናግሯል። ኩላሊት ግን ሕማማት አያውቅም፤ የሐሙስ ታማሚዎች ሐሙስ ይታጠባሉ፣ ከእነሱም አንዷ ኔሬይዳ ናት። ክቧ በዚያ ጠዋት ብትሽከረከር የሚነቅል ሰው የለም። ነርሶቹ እንኳ ስፒናው የት እንዳለ አያውቁም።

አዲሱን ይዛ ራዳሜስ ቢሮ ገባች። ጠረጴዛው ላይ እግሩን ሰቅሎ ነበር።

«ኢንጂነር፣ ከሐሙስ በፊት ማዕከሉ ላይ ልጫነው።»

«ምን ያሳያል?»

«ምንም አያሳይም። ዋናው ሲደክም ወደ ተጠባባቂው ያልፋል፤ ነርሷ አታውቀውም።»

«ታዲያ እኔ ምኑን ነው የማሳየው?»

«እርስዎ ምንም እንዳያሳዩ ነው የሠራሁት።»

ራዳሜስ ሳቀ። «ነብሬ፣ ስሚኝማ። ከፋሲካ በኋላ ላ ቬጋ ከተማ ትልቅ ደንበኛ አለኝ። ስፒናውን ሰምቶ ነው የሚመጣው። ምንም የማይታይ ነገር ይዤ ልቁም? ‹ክቡራን፣ አሁን ምንም ሳይሆን ይመልከቱ› ልበል?»

«አክስቴ ሐሙስ እዚያ ወንበር ላይ ናት።»

«ቼፔ አለ።»

«ቼፔ ሐሙስ የለም! እናቱ አገር ነው!»

«ከፋሲካ በፊት አንድ ፊደል አትነኪም። ያለ እኔ ፈቃድ ብትነኪ ደግሞ አንቺ ራስሽ ስፒናሽ ይነቀላል» አላት፤ በራሱ ቀልድም ጠረጴዛውን መታ። አፉ ውስጥ የነበረው ስንጥር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። አነሳውና መልሶ ጎረሰው።

ሱኒልዳ ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ሲስተር ሶራይዳ ዘንድ ሄደች። ሶራይዳ አጭር፣ ወፍራም፣ ሁሉንም ሰው «የኔ ፍቅር» የምትል፣ በዚያው አፏ ሐኪም የምታባርር ሴት ናት። ለሆሣዕና እሑድ፣ ታማሚ በሌለበት ቀን፣ ቀጠሮ ያዙ። ሶራይዳ ከቤተ ክርስቲያን የያዘችውን ዘንባባ ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ሱኒልዳ ዋናውን ሰርቨር አልነቀለችውም። ከራሷ ኮምፒውተር ሆና አደነዘዘችው፤ ይሰማል፣ አለሁ ይላል፣ ግን አያስብም።

«መጀመሪያ በአሮጌው ሶፍትዌር ሞክሪ» አለቻት።

ሶራይዳ ስሟን ጻፈች። ክቧ ዞረች። ሶራይዳ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ጠበቀች፤ ጠበቀች፤ ዘንባባውን አንስታ ማራገቢያ አደረገችው።

«ታማሚ ቢኖር ይሄኔ የአንዱ ልብ ቆሞብኝ ነበር» አለች።

«አሁን በአዲሱ።»

ጻፈች። አንድ ትንፋሽ ያህል ዘገየ፤ ተከፈተ። ሶራይዳ ወጣች፣ ገባች፣ ደግማ ሞከረች። የተሳሳተ የይለፍ ቃል ጻፈች፤ አላስገባትም። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ያ ሽቶ የነከረው ሰውዬ ይሄ እንዳለ ያውቃል?»

«ያውቃል። ከፋሲካ በኋላ አለ።»

«ማዕከሉ የማን ነው?»

«የ...»

«ጠዋት መጥቶ የሚከፍተው ማነው ብዬ ነው። እኔ ነኝ። ጫኚው የኔ ፍቅር፤ ከጠየቀ ሶራይዳ አዘዘችኝ በይ። እኔን ደግሞ ይምጣና ያናግረኝ፤ መርፌ አላጣም።»

ረቡዕ ከሰዓት አዲሱ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ገባ። ማሽኑን ከዕቃ ቤት ለማውጣት ግን አልቻሉም፤ ለዚያ የአስተዳደሩ ፊርማ ይፈለጋል፣ አስተዳደሩ ለበዓሉ ወደ ባሕር ወርዷል።

ሐሙስ ጠዋት ሱኒልዳ ከአክስቷ ጋር ሄደች። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ስለ ስፒናው ማንም ያልነገረው የቼፔ ተተኪ፣ በሕማማት ሥጋ አይበላምና፣ የጨው ዓሣ እየጠበሰ ነው። ጢሱ ቀጥ ብሎ የሰርቨሩ ማራገቢያ ውስጥ ይገባል፤ ማራገቢያው የሽማግሌ ጉሮሮ ድምፅ ያሰማል። ሱኒልዳ ኮሪደሩ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። አፍንጫዋን በሹራቧ ሸፈነች። ታማሚዎቹ ገና እየተቀመጡ ሳለ ዋናው ዲዳ ሆነ። አለሁ ይላል፤ አይመልስም።

አንገቷን አስግጋ ወደ አዳራሹ አየች። ነርሶቹ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ይከፈትላቸዋል፣ መርፌ ይዘው ይዞራሉ። «ክንድሽን የኔ ፍቅር።» «ዛሬ ስንት ማንጎ በላህ፣ ሌባ? ደምህ ይናገራል።» ኔሬይዳ ክንዷ ላይ መርፌው ገባ፤ ቀይዋ ቱቦ ሞላች፤ ማሽኑ ዞረ። ማንም ቀና አላለም። ማንም አላጨበጨበም።

ሱኒልዳ እዚያው መሬት ላይ አለቀሰች። ደስታ ነው ብዬ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን አልደበቀችኝም፣ ግማሹ ጥላቻ ነበር። ዓሣው፣ ቅባቱ፣ ያ ሁሉ ሰው ሕይወቱን የሰቀለበት የወየበ ሣጥን፤ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ጉሮሮዋ መጣና መታጠቢያ ቤት ገብታ አስመለሳት። ለራዳሜስ የተላከው መልእክት ደርሶት ኖሮ መልስ መጣ። ፎቶ ነው፤ ሆዱ፣ ባሕሩ፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ጣፋጭ ቦሎቄ በሳህን። ከሥሩ «ንቀሉት ነብሬ፣ መልካም በዓል» ይላል።

አልነቀሉትም። ዋናው እስከ ፋሲካ ማግስት ዲዳ ሆኖ ከረመ፤ ተጠባባቂው ብቻውን ሁሉንም አስገባ። ሰኞ አስተዳደሩ ሲመለስ ሶራይዳ ያላትን ድምፅ በሙሉ ተጠቀመች፣ ማሽኑም ወጣ። እሷና ሱኒልዳ የፕላስቲክ ጓንት አድርገው፣ ግቢው ውስጥ ጋዜጣ ዘርግተው ፈቱት። የወደቀውን በረሮ ቼፔ በመጥረጊያ እየጠራረገ «ይሄን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንበላ ኖረናል ማለት ነው?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላሚ አልበላም፤ እሱም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ራዳሜስ ሱኒልዳን የጠራት በዚያው ሳምንት ነው። ፊቱ በፀሐይ ተልጧል፤ ቆዳውን እየላጠ ጠረጴዛው ላይ ይደረድረዋል።

«ሳልፈቅድ መጫንሽን ሰምቻለሁ፤ ይሁን። ለላ ቬጋው ግን አሮጌውን ታዘጋጂልኛለሽ። አዲሱን እዚያ አላሳይም።»

«አሮጌው ሰው ሊገድል ይችላል፣ ኢንጂነር።»

«ገደለ?»

«ሐሙስ...»

«ሐሙስ ምንም አልሆነም! አንቺው ነሽ ያልሽኝ፣ ምንም አልሆነም!»

ሱኒልዳ የተላጠውን ቆዳ አየች። እስከዚያች ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«አንተን ማየት ያመኛል» አለችው። «ሽቶህ ያመኛል፣ ሳቅህ ያመኛል። አሮጌውን አንተው ተሸክመህ ሂድ፤ እኔ በእጄ አልነካውም።»

ሄደ። ላ ቬጋ ላይ ተንበረከከ፣ ነቀለ፣ ተጨበጨበለት፣ ሸጠ። እሷ ከሥራ ወጣች። አሁን ሶራይዳ ባገኘችላት ቦታ፣ የማዕከሉን ኮምፒውተሮች ትጠብቃለች፤ ያነሰ ሥራ ነው፣ ክፍሏም ጠባብ ነው። ላ ቬጋ ያለው ማዕከል አንድ ጠዋት ክቧ ስትሽከረከርበት ምን እንደሚሆን ታስባለች። ደውላ ነግራቸዋለች፤ «ግድ የለም፣ የሚነቅል ሰው መድበናል» አሏት። ያን ቀን ስልኩን ወርውራው፣ ከግድግዳዋ ተጋጭቶ ሲወድቅ ሰማሁ።

እሳት ላጠፋ ሰው እልልታው ሲቀልጥ፣
ፍሙን የዳፈነ ማን አለው ተቀመጥ?

ኔሬይዳ አሁንም በሳምንት ሦስቴ ትሄዳለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሱኒልዳ እየሰማች፣ ስፒናው የተነቀለበትን ማክሰኞ ታወራለች፤ ልጄ እንዴት እንደ ሮጠች፣ ከመጥበሻ ሥር እንዴት እንደ ነቀለች፣ ሰው እንዴት እንዳጨበጨበ። እጇን ዘርግታ ትተውነዋለች። ሱኒልዳ ተነስታ ወጥ ቤት ትገባለች።

«ሐሙስስ?» አልኳት አንድ ቀን ኔሬይዳን፣ እኛ ብቻ ስንቀር።

«የትኛው ሐሙስ?» አለችኝ። ትንሽ አሰበች። «ያ ዓሣው የሸተተኝ?»